ላስገድዳት ወይስ ልተዋት? ሐይቅ ከተማ ለሚኖር አባት መልስ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦

«የአይሱዙ ሹፌር ነኝ። የምኖረው ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነው። ትምህርቴን ያቋረጥኩት 8ኛ ክፍል ላይ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ 10ኛ ክፍልን ጨረሰች። በሒሳብና በፊዚክስ ከክፍሏ ከሦስተኛ ወርዳ አታውቅም። አሁን ግን 11ኛን የምማረው ሶሻል ነው አለች። ጓደኞቿ በሙሉ ወደዚያው ናቸው። እናቷም ‹ለሴት ልጅ ባንክ ቤት ይበቃታል፣ ምን አስጨነቃት› ትላለች። እኔ ኋላ እንዳትቆጭ እፈራለሁ። ናቹራል ገብታ ፈተናውን ብትወድቅስ ብዬም እፈራለሁ። ምዝገባው መስከረም ላይ ነው። ላስገድዳት ወይስ ልተዋት?»

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ሁለቴ አነበብኩት። አጭሩ መልሴ ሁለቱንም አያድርጉ ነው። አስገድደው ቢያስገቧት፣ የመጀመሪያው ዝቅተኛ ውጤት የመጣ ቀን «አንተ ነህ ያስገባኸኝ» ትልዎታለች። እውነቷንም ነው። ዝም ብለው ቢተዋት ደግሞ፣ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ለመቀመጥ ብላ የወሰነችው ነገር ዕድሜ ልክ ይከተላታል። በሶሻል 12ኛን ጨርሶ ህክምና ወይም ኢንጂነሪንግ የሚገባበት በር የለም።

ረጅሙ መልስ እነሆ። ምክሩ ከማን እንደመጣ እንዲያውቁ ያህል፣ ሴት ነኝ፣ ያደግኩት ከእርስዎ ማዶ አምባሰል ነው። የተማርኩት ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው። 6 ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ክፍል ሠርቻለሁ። አሁን ፊዚክስ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የእርስዎን የመሰለ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ወላጅ አላጣም። አብዛኞቹ አባቶች ናቸው። እናቶች የሚመጡት ልጅቷ ከወደቀች በኋላ ነው። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

መጀመሪያ ልጅዎ የሰጠችዎትን ምክንያት እንይ። «ጓደኞቼ ሶሻል ስለገቡ» ለአባት የሚሰጥ መልስ ነው። ከጀርባው ሌላ ነገር አለ። እኔ ካየኋቸው ልጆች ውስጥ አንዷ ምክንያቷ ላብራቶሪ ውስጥ ወንዶቹ ዕቃውን ሲይዙ እሷ ሁልጊዜ ጸሐፊ መደረጓ ነበር። አንዷ ክፍል ውስጥ ስትሳሳት የሚስቅባት ልጅ ነበር። አንዷ ደግሞ የፊዚክስ ማጠናከሪያው ከ10 ሰዓት በኋላ ስለሚሰጥና በዚያ ሰዓት ውሃ መቅዳት ስላለባት ነበር ሶሻል የመረጠችው። እስቲ ያስቡት፣ አንዲት ልጅ ኢንጂነር አለመሆኗን የወሰነው ጀሪካን ነው። ይህን ለአባቷ አልነገረችውም። ቢያውቅ ይቆጣ ነበር ብላ አይደለም። የሚቀየር ነገር ነው ብላ አስባው ስለማታውቅ ነው።

ስለዚህ ቀድመው ይጠይቋት። ግን ቤት ውስጥ፣ እናቷና ታናናሾቿ ባሉበት አይሁን። «ለምን?» ብለውም አይጀምሩ። አባት «ለምን» ሲል ልጅ ፍርድ ቤት የቆመች ይመስላታል። አንድ ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ ጭነት ሲኖርዎት ጋቢና ያስቀምጧት። ጎን ለጎን ተቀምጦ ወደ ፊት እያዩ ማውራት ፊት ለፊት ተያይቶ ከማውራት ይቀላል። እኔና አባቴ በቁም ነገር ያወራነው ጤፍ ስናጭድ ብቻ ነው።

ጋቢና መግባቷን ያነሳሁት ለወሬው ብቻ ብዬ አይደለም። ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን ቁልቁለት፣ ሲወርዱ ማርሽ ይዘው እንጂ በዜሮ ማርሽ እንደማይለቁት አውቃለሁ። ይጠይቋት። «በዜሮ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል ይባላል፣ ለምን አልለቅም?» ይበሏት። እርስዎ መልሱን በእጅዎና በእግርዎ ያውቁታል። ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ አይዝም። እሷ ግን መልሱን በቁጥር ልታወጣው ትችላለች። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱ 600 ሜትር ያህል ነው። መኪናው ከነጭነቱ 10 ቶን ቢሆን፣ ከፍታ ላይ ይዞት የነበረው ኢነርጂ ታች ሲደርስ የት ገባ? ጠፋ ማለት አይቻልም። ሙቀት ሆኗል። በዜሮ ማርሽ ከሆነ ከሞላ ጎደል ሁሉም ፍሬኑ ላይ ነው የሚያርፈው። በማርሽ ከሆነ ሞተሩ ይካፈለዋል። ታዲያ ያ ሙቀት ስንት ሊትር ውሃ ያፈላ ነበር? ለዚህ የሚያስፈልገውን ትምህርት በሙሉ እስከ 10ኛ ክፍል ተምራዋለች። ወረቀትና እስክሪብቶ ይስጧትና እስክትደርሱ ታስላ። የእኔን መልስ መጨረሻ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ቀድመው እንዳይነግሯት።

ይህን ያልኩበት ምክንያት አለኝ። «ሴቶች ይችላሉ»፣ «አንቺም ትችያለሽ» የሚል ንግግር ልጆቻችን ጠግበዋል። በሴቶች ቀን ሰልፍ ላይ ይሰሙታል፣ ባነር ላይ ያነቡታል። ደጋግሞ «ትችያለሽ» ሲባል ደግሞ ልጅቷ «ለካ አትችልም የሚል አለ» ብላ መጠርጠር ትጀምራለች። ፈረንሳይ አገር የተጠና አንድ ነገር አለ። ሳይንስ ላይ የሚሠሩ ሴቶች ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየሄዱ ለአንድ ሰዓት ብቻ ከተማሪዎች ጋር እንዲያወሩ ተደረገ። በዚያች አንድ ሰዓት የተነሳ፣ በተለይ ሒሳብ ላይ ጎበዝ የሆኑት የመጨረሻ ክፍል ሴቶች ወደ ከባዶቹ የሳይንስ ትምህርቶች መግባታቸው ጨመረ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው። የበለጠ የሠራላቸው «በዚህ ሙያ ሴቶች ጥቂት ነን» እያሉ የደጋገሙት እንግዶች አልነበሩም። ሥራቸው ምን እንደሚመስል ያሳዩት ናቸው።

ስለዚህ ልጅዎ ሥራውን ትይ። ከእርስዎ ቤት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጤና ጣቢያው ላይ ላብራቶሪ የምትሠራ ሴት ካለች፣ ማይክሮስኮፕ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ እንድታሳያት ይጠይቁላት። የወባ ተሕዋስ ደም ውስጥ ያየች ልጅ ባዮሎጂን ከዚያ በኋላ እንደ ሽምደዳ አታየውም። የሐይቁም ነገር እንዲሁ ነው። ልጅዎ በየቀኑ የምታየው ሐይቅ ወለሉ ላይ በየዓመቱ ደለል ሲተኛበት ኖሯል። ተመራማሪዎች ያንን ደለል በቱቦ እያወጡ፣ በአገራችን ባለፉት 2000 ዓመታት ዝናቡ መቼ እንደበዛና መቼ እንደጠፋ አንብበውበታል። እኛ ዓሣ እንበላበታለን፣ ፎቶ እንነሳበታለን። እነሱ የድርቅ ታሪክ አነበቡበት። ወሎ ውስጥ ድርቅ ማለት ምን እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም። እንግዲህ ያን የሚያነብ ሰው ከሐይቅ ልጆች መካከል ቢወጣ ምን ይለዋል?

አሁን ወደ እናቷ ልምጣ። ባለቤትዎን «አልገባትም» ብለው እንዳይተዉአት አደራ። «ባንክ ቤት ይበቃታል» ያለችው ልጇን ንቃ አይደለም። ባንክ ውስጥ የምትሠራ ሴት አይታለች። ንጹሕ ልብስ፣ ጥላ ያለበት ቦታ፣ በወሩ መጨረሻ የሚገባ ደመወዝ። ኢንጂነር ሴት ግን አላየችም። ያላየችውን እንዴት ትመኝላት? ሕንድ ውስጥ ምዕራብ ቤንጋል የሚባል ክልል አለ። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በወጣ ሕግ የአንዳንድ መንደሮች የሊቀመንበርነት ቦታ ለሴት ብቻ ተብሎ በዕጣ ይመደባል። ዓመታት ቆይቶ ሲታይ፣ ሁለት ዙር ሴት በመራቻቸው መንደሮች ወላጆች ለወንድ ልጃቸውና ለሴት ልጃቸው በሚመኙት መካከል የነበረው ልዩነት በሩብ ያህል ጠቦ ተገኘ። ልጃገረዶቹ ቤት ውስጥ የሚሠሩበት ሰዓትም ቀነሰ። ማንም ለእናቶቹ ስብከት አልሰበከም። አዩ፣ በቃ።

ለባለቤትዎ የማወራው ሌላም ነገር አለኝ። የፊዚክስ መጽሐፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። መጽሐፉ የሚያወራው በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ስላለ ቦታ ነው። ሐይቅ ላይ በ93 ገደማ ነው የሚፈላው። ደሴ ላይ ደግሞ ወደ 92 ይወርዳል። ደሴ ዘመድ ካላት ትጠይቃት፣ ባቄላውም ሽምብራውም እዚያ ላይ ከእናንተ ይልቅ ይዘገያል። ቆላ ያለ ሰው ደግሞ ቶሎ ይበስልለታል። ምክንያቱ የአየሩ ግፊት ነው። እናቷ ይህን ከልጇ ቀድማ ታውቀዋለች፣ ስሙን አታውቀውም እንጂ። ልጅቷ ምድጃ ዳር ተቀምጣ እናቷን ብትጠይቃት፣ እናትም ልጇ የምትማረው ባዕድ ነገር አለመሆኑን ታያለች።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር፣ ደስ ባይልም። እናቷ ስለ ሥራ የምትፈራው ከንቱ ፍርሃት አይደለም። በኢንጂነሪንግ ተመርቀው ሥራ ያጡ ልጆች አሉ። አውቃቸዋለሁ፣ ያስተማርኳቸውም አሉበት። ዲግሪ ይዞ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ሠፈርዎ ውስጥ አይጠፋም። ግን ናቹራል ማለት ኢንጂነሪንግ ብቻ አይደለም። አዋላጅነት፣ ፋርማሲ፣ ላብራቶሪ፣ የእንስሳት ህክምና፣ ግብርና፣ ኮምፒዩተር ሳይንስ፣ ሁሉም ከዚያው ይወጣሉ። ባንክ ራሱ ያለ ኮምፒዩተር ባለሙያ አንድ ቀን አያድርም። ሲስተም የለም ተብለው ወረፋ ላይ ስንት ሰዓት ቆመዋል? ያንን ሲስተም የሚያስነሳ ሰው አለ። እሷ ያች ብትሆንስ? ኮምቦልቻም ቅርብ ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ብረታ ብረቱ፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ እዚያ ናቸው። ሲጠናከሩም ሲዳከሙም አይተናል፣ በጦርነቱ ወቅት የደረሰባቸውንም እናውቃለን። ማሽን ባለበት ግን ማሽን የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል።

ወደ ፈተናው እንምጣ። ብዙ ሰው «ሶሻል ይቀላል» ብሎ ያምናል። ልጅዎም ሳታምን አትቀርም። ቁጥሩን ይዩት። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። 3.3 በመቶ ማለት ነው። አገር ጉድ አለ። ግን ያ ቁጥር ሲከፈል ምን ይመስላል? ከናቹራል ያለፉት 6.8 በመቶ ናቸው። ከሶሻል 1.3 በመቶ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ትንሽ ተሻሽሎ በ2017 አጠቃላዩ 8.4 ደርሷል። አሁንም ከ100 ተማሪ ከ90 በላይ የሚሆነው አያልፍም። ጎበዝ ጎበዙ ወደ ናቹራል ስለሚሄድ ነው የሚል ካለ፣ ልክ ነው፣ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ልጅዎ ግን ያው ከጎበዞቹ ናት። ደግሞ ሒሳብ ሶሻልም ውስጥ አለ። አፕቲትዩድም፣ የማሰብ ችሎታ የሚለካበት ፈተና፣ አለ። እንግሊዝኛም አለ። ከፊዚክስ ሸሽታ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ትወስድ ይሆናል እንጂ ከሒሳብ አታመልጥም። ሒሳብ የሚችል ልጅ ደግሞ ከሒሳብ መሸሽ አያስፈልገውም።

«ብትወድቅስ» ላሉት ግን ቁጥር አይበቃም። እኛ አገር፣ እኛ ወሎ ውስጥ፣ አንዲት ልጅ 12ኛን ስትወድቅ ምን እንደሚከተል እናውቃለን። ደላላው ከውጤቱ ቀድሞ ይደርሳል። ፓስፖርት፣ ከዚያ ጂዳ ወይም ሪያድ ወይም ቤሩት። በእነዚያ ልጆች ላይ የምፈርድ እንዳይመስልዎት። ሠፈራችን ውስጥ ያለው ቆርቆሮ ቤት ሁሉ በማን ላብ እንደተሠራ አውቃለሁ። ታናሽ ወንድሞቻቸውን ያስተማሩ ናቸው። የእኔ ታላቅ እህት አንዷ ናት፣ የዩኒቨርሲቲ የኪስ ገንዘቤ ከእሷ ነበር። ግን ያ መንገድ ሌላ መንገድ ለጠፋባት እንጂ ሌላ መንገድ ላላት መሆን የለበትም። ብዙ ልጆች አረብ አገርን የሚያስቡት ከወደቁ በኋላ አይደለም። 10ኛና 11ኛ ላይ ሆነው ነው ልባቸው የሚነሳው። «ብማርም አልፍም» ስትል ጥናቱን ትተወዋለች፣ ስትተወው ትወድቃለች።

ስለዚህ ከአሁኑ «ብትወድቂም እንዲህ እናደርጋለን» ይበሏት። ይህ ተስፋ መቁረጥ እንዳይመስልዎት። ፍርሃቷን ነው የሚያቀልላት። ደሴ ላይ ፖሊቴክኒክ አለ፣ ወይዘሮ ስሂን። ኤሌክትሪክ፣ አውቶ፣ አይሲቲ ተምራ የብቃት ምዘና አልፋ የምትወጣ ልጅ ከብዙ ባለ ዲግሪ ቀድማ እንጀራ ትበላለች። አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ወይዘሮ ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። እቴጌ መነን ከዚሁ ከአምባሰል ወጥተው በ1920ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የሴቶች ትምህርት ቤት ያቋቋሙት ናቸው። ወሎ ለሴት ልጅ ትምህርት አዲስ አይደለችም። ወደ ኋላ የቀረነው ስም ከመጥራት አልፈን ስላልሄድን ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልናገር። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ ይውሰዱ ብባል የምሰጥዎት ይኸን ነው፦ ልጅቷን ሰዓት ይስጧት።

ልጅዎ ከትምህርት ቤት ከመጣች ጀምሮ እስክትተኛ ምን እንደምትሠራ አንድ ሳምንት ሳይናገሩ ይዩ። ውሃ፣ እንጀራ፣ ወጥ፣ ሕፃን መያዝ፣ ዕቃ ማጠብ። ከዚያ ቡና። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡና ይቅር አልልም፣ እኔም ወሎዬ ነኝ። ግን ቡናውን ሁልጊዜ የምታፈላው እሷ ለምን ሆነች? ወንድሟ በዚያ ሰዓት የት ነው? በቀን 2 ሰዓት ብቻ ቢሆን በወር 60 ሰዓት ነው። በዓመት 700 ያልፋል። ወንድሟ በዚያ 700 ሰዓት ውስጥ ኳስ ተጫወተ እንበል፣ እሺ። ጎረቤት ያለው የክፍሏ ልጅ ግን መልመጃ ሠርቶበታል። ከዚያ ሁለቱ አንድ ዓይነት ፈተና ላይ ይቀመጣሉ። እሱ ሲበልጣት «ሴት ልጅ ፊዚክስ ይከብዳታል» ይባላል።

በዓለም ላይ ካሉ ተመራማሪዎች ሴቶቹ ሲሦ ያህል ናቸው። ሲሦ ብቻ የሆኑበትን ምክንያት ሰዎች በአንጎል ውስጥ ሲፈልጉ ኖረዋል። እኔ መፈለግ የምጀምረው ጓዳ ውስጥ ነው።

ወንድሟ ውሃ ይቅዳ። አህያ ካላችሁ ደግሞ ምን ችግር አለው። ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ማንም አይጥራት። «ነይ ውሃ ስጪኝ» ማለት ራሱ ይቅር። ይህን እርስዎ ካወጁት ይከበራል፣ የቤቱ ሰው ያውቅዎታል። እናቷ ብቻዋን ብትል ግን የሥራው ጫና እሷ ላይ ነው የሚመለስ፣ ስለዚህ የእርስዎም እጅ ይግባበት። ጭነት በሌለዎት ቀን ማጠቢያው ጋ ቢታዩ ጎረቤት ለሁለት ቀን ያወራል፣ በሦስተኛው ይረሳል።

ትንሽ የሚመስል ሌላ ነገርም አለ፣ የወር አበባ። አባት ስለሆኑ ያፍሩ ይሆናል፣ ግን አይለፉት። በወር ሦስት አራት ቀን ከትምህርት የምትቀር ልጅ በዓመት ወር ያህል ትቀራለች። ፊዚክስ ደግሞ እንደ ደረጃ ነው፣ አንዷ እርከን ከጎደለች ቀጣዩን መርገጥ አይቻልም። ለሞዴስ የሚሆን ብር ለእናቷ በየወሩ ሳትጠይቅዎት ይስጡ። ስለምኑ ማውራት አይጠበቅብዎትም።

የስልክን ጉዳይም ያነሳሉ ብዬ እጠብቃለሁ። ብዙ አባት ለወንድ ልጁ ስልክ ገዝቶ ለሴቷ «ታበላሻለች» ይላል። የመማሪያ መጽሐፉ፣ የቀደሙት ዓመታት ፈተናዎች፣ የትምህርት ቪዲዮው ሁሉ አሁን ቴሌግራም ላይና ዩቲዩብ ላይ ነው። ላብራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት፣ ወይም በ2014 ተዘርፎ ገና ባልሞላ ላብራቶሪ፣ ቪዲዮው ግማሽ መፍትሔ ነው። ከፈሩ ሳሎን ውስጥ፣ ሰው ባለበት ትጠቀም። ለወንድሟም ቢሆን እንደዚያው ነው የሚበጀው።

ደግሞ ቀድመው ሊነግሯት የሚገባ ነገር አለ። 11ኛ ክፍል ላይ ውጤቷ ይወርዳል። የሁሉም ይወርዳል። ትምህርቱ ይዘላል። 10ኛ ላይ 90 ያመጣ ልጅ 55 አይቶ ይደነግጣል። ወንዱ «መምህሩ አያስተምርም» ይላል። ሴቷ «እኔ አልችልም» ትላለች። ይህን በየዓመቱ ነው የማየው። እኔ ራሴ የ11ኛ ክፍል የመጀመሪያ ሴሚስተር ፊዚክሴ 41 ነበር። ከመቶ። ካርዱን ደብቄ ሁለት ቀን ቆየሁ። አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር፣ ግን ፊቴን አነበበ። «ስንት ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ካቻምና ማሽላችን ስንት ኩንታል ነበር?» አለኝ። ሦስት ነበር። «ዘንድሮስ?» ስምንት። «አብሽሪ» አለኝ። በቃ ይኸው ነው። ሌላ ምክር አልሰጠኝም። ሲያርስ ነበር መልሱ የሚታየው።

ስለ ሥራው ዓለም ልዋሽዎት አልፈልግም። ልጅዎ ለከፋ ይገጥማታል፣ መንገድ ላይም ግቢ ውስጥም። «አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ» የሚል አይጠፋም። እኔ በሠራሁበት ፋብሪካ ጥገና ክፍል አጠገብ የሴት መጸዳጃ ቤት አልነበረም። በፈረቃ ሌሊት ስገባ ውሃ አልጠጣም ነበር። አንድ ሌሊት አንድ ሞተር ቆመ። ሲነሳ ያጉረመርማል፣ አይዞርም፣ ሞተሩን ከመቃጠል የሚጠብቀው ኦቨርሎድ ይወድቃል። ሦስት ወንዶች ከበው ሞተሩን ሊፈቱት ነው። እኔን ሻይ አምጪ አሉኝ። ሄድኩ። ስመለስ ቴስተሬን ይዤ ፓኔሉን ከፈትኩት። ኤሌክትሪክ ከሚያመጡት ሦስት መስመሮች (ፌዞች) አንዱ አይመጣም፣ ፊውዙ ነዷል። ሞተሩ ምንም አልሆነም። ፊውዝ ቀየርን፣ ተነሳ። ከዚያ በኋላ አከበሩኝ ብልዎት ደስ ይለኝ ነበር። በማግስቱም ሻይ አምጪ አሉኝ። ነገር ግን ሞተር ሲቆም «እሷን ጥሩ» ማለት ጀመሩ። ሻዩንም ሞተሩንም ማለት ነው። ሻዩን ለማስቀረት አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

ሩቅ የደረሱትንም ትወቅ። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ጎጃም ፍኖተ ሰላም ከገበሬ ቤት የወጡ ናቸው። የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ሆነው ናይሮቢ ያለውን ኢሲፔ የተባለ ትልቅ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሎሬያልና ዩኔስኮ ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጡትን ሽልማት ተሸልመዋል። ፕሮፌሰር የዓለምፀሐይ መኮንን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር ናቸው፣ ሙያቸው ባዮሎጂ ነው። ስማቸውን ጽፋ ግድግዳ ላይ ትለጥፍ እያልኩ አይደለም። ግን ፍኖተ ሰላም ከሐይቅ የተለየ ሰማይ የለውም።

ቡናው ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይሞክሩ። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ልብ ብለው ያውቃሉ? ለወንድ ልጅ «ትልቅ ሰው ያድርግህ፣ አገር የሚጠራህ» ይላሉ። ለሴት ልጅ «ለጥሩ ሰው ይስጥሽ»። ክፉ ምርቃት አይደለም። ግን ልጅ ለ16 ዓመት በየቀኑ የሚሰማው ምርቃት ውስጡ ይቀራል። አንድ ቀን እርስዎ ቀድመው «ዶክተር ያድርግሽ፣ ኢንጂነር ያድርግሽ» ብለው ይጀምሩላቸው። አሚን ይላሉ። የወሎ ሽማግሌ ለምርቃት አይሰስትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጋቢና ውስጥ አውርታችሁ፣ ምክንያቷን ሰምተው፣ ሰዓቷን ሰጥተዋት፣ አንዲት ባለሙያ አግኝታ፣ አሁንም «ሶሻል ነው የምወደው፣ ሕግ መማር እፈልጋለሁ» ካለች ይመርቋት። ያኔ ምርጫው የእሷ ነው። ሒሳብ የሚችል ሕግ ዐዋቂም ለአገር ያስፈልጋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሶሻል መግባቷ አይደለም። ጀሪካኑ እንዳይወስንላት ነው።

ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት ከትምህርት ቤቱ ሁለት ነገር ይጠይቁ። ማጠናከሪያው በስንት ሰዓት ነው? ዘግይቶ ከሆነ ከሠፈርዎ ሌሎች ሴት ልጆች ጋር አብረው የሚመለሱበት መንገድ ይኑር፣ ብቻዋን አትምጣ። ሁለተኛ፣ ላብራቶሪ ካለ ሴቶቹ ዕቃውን በእጃቸው ይነካሉ ወይ? ይህን አባት ሲጠይቅ መምህሩ ይነቃል።

የሐረጎው መልስ። 10,000 ኪሎ ግራም፣ 600 ሜትር፣ የመሬት ስበት 9.8። ሲባዛ 58.8 ሚሊዮን ጁል ይመጣል። ውሃው ከ18 ዲግሪ ተነስቶ በ93 ይፈላል ብዬ ነው የወሰድኩት፣ አንድ ሊትር 314 ሺህ ጁል ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ 187 ሊትር። አንድ በርሜል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውሃ ማለት ነው፣ ፍሬንዎ ላይ። የእሷ ቁጥር ከእኔ ከተለየ ስሌቱን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ውሃውን በስንት ዲግሪ እንደጀመረችው መጻፍዋን አይርሱ።